የተገዛ ስም

እ.ኤ.አ. በ1983 በእንግሊዝ አገር፣ ከኮቨንትሪ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ሜሪደን፣ አንድ የሞተር ሳይክል ፋብሪካ ከስሮ ተዘጋ። ሠራተኞቹ ተበተኑ፤ ማሽኖቹ ተሸጡ፤ ሕንፃውም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። ከንብረቱ ሁሉ መካከል መጋዘን የማይፈልግ፣ በመኪና የማይጫን፣ ዝገት የማይበላው አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። እሱም የፋብሪካው ስም ነው፦ ትራያምፍ።

ስሙን የገዛው ጆን ብሉር ነው። የማዕድን ቆፋሪ ልጅ ነው፤ በ15 ዓመቱ ትምህርት ቤት ትቶ የልስን ሙያ የተማረ፣ በኋላም ቤት እየሠራ በመሸጥ የከበረ ሰው። ሞተር ሳይክል ሠርቶ አያውቅም። እንደሚባለው በመጀመሪያ ዓይኑን የሳበው የፋብሪካው መሬት ነበር፤ ቤት ሊሠራበት። በመጨረሻ የወሰደው ግን ስሙንና ከስሙ ጋር የተያያዘውን የማምረት መብት ሆነ።

ይህን ግዢ ደጋግሜ አስበዋለሁ። ብሉር የሚያውቀው ንግድ የመሬትና የቤት ንግድ ነበር። መሬት ሲገዛ ወሰኑ ይለካል፤ ቤት ሲሸጥ ቁልፍ ይሰጣል። ስም የገዛ ሰው ግን ምን ይረከባል? በወረቀት ላይ የሰፈረው መብት ግልጽ ነው፤ ያንን ጽሑፍ በነዳጅ ታንክ ላይ የማኖር መብት። ጽሑፉን ዋጋ ያሰጠው ግን በብዙ ሺህ ሰዎች ልብ ውስጥ ያለው ትዝታ ነው። ያ ትዝታ የሻጩ ንብረት አልነበረም፤ ገዢውም ሊቆልፍበት አይችልም። እንግዲህ ብሉር ሌሎች ሰዎች ያስቀመጡትን ነገር ነው የተቀበለው። እንዲህ ያለውን ነገር እኛ አደራ እንለዋለን።

በዚያ ስም ውስጥ የተጠራቀመው ዘመን ረጅም ነው። መሥራቹ ዚግፍሪድ ቤትማን ከጀርመን፣ ከኑረምበርግ የመጣ አይሁዳዊ ወጣት ነበር። በ1880ዎቹ ብስክሌት በመሸጥ ጀመረ፤ ቀጥሎ በኮቨንትሪ ፋብሪካ ከፈተ። በ1902 የመጀመሪያው ትራያምፍ ሞተር ሳይክል ሲወጣ ሞተሩ ሚኔርቫ ከተባለ የቤልጅግ ድርጅት የተገዛ ነበር። ቤትማን በ1913 የከተማዋ ከንቲባ ለመሆን በቃ። በዓመቱ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ጀርመን አገር መወለዱ እንደ ጥፋት ተቆጠረበት። ፋብሪካው ግን በዚያው ጦርነት ለእንግሊዝና ለአጋሮቿ ሠራዊት 30,000 ያህል ሞተር ሳይክል አቀረበ። በጭቃና በተኩስ መካከል መልእክት የሚያደርሱት ወታደሮች ያንን ሞተር «ታማኙ» ብለው ጠሩት። ለአንድ ዕቃ ከዚህ የሚበልጥ ስም ማን ሊያወጣለት ይችላል? ያወጡትም ሕይወታቸውን ያሳደሩበት ሰዎች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ስሙ ብዙ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ። በ1936 የሞተር ሳይክሉን ክፍል ጃክ ሳንግስተር የተባለ ባለሀብት ገዛውና ኤድዋርድ ተርነርን ሾመበት። ተርነር በ1937 ስፒድ ትዊንን አወጣ። ሁለቱ ሲሊንደሮች ጎን ለጎን ቆመው አብረው የሚሠሩበት ያ ሞተር ቀላል፣ ጠባብና ፈጣን ነበር፤ ከእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ሠሪዎች አብዛኞቹ ለአንድ ትውልድ ያህል ከእሱ መልክ አልወጡም። በኅዳር 14 ቀን 1940 ሌሊት የጀርመን አውሮፕላኖች ኮቨንትሪን ሲደበድቡ ፋብሪካው አብሮ ወደመ። በሁለተኛው ዓመት ሜሪደን ላይ አዲስ ተሠራ። የ1983ቱ ውድቀት እንግዲህ ለዚህ ስም የመጀመሪያው ሞት አልነበረም።

ከጦርነቱ በኋላ ያለውን ዘመን ሞተር ሳይክል የማይወዱ ሰዎችም ያውቁታል። በ1953 ማርሎን ብራንዶ በፊልም ላይ የነዳው ትራያምፍ ነበር፤ በ1963 ስቲቭ ማክዊን ከእስር ቤት ሲያመልጥ የታየበትም፣ ምንም እንኳ የጀርመን ጦር ሞተር መስሎ ቢቀባ፣ ትራያምፍ ነበር። በመካከሉ፣ በ1956፣ ጆኒ አለን የትራያምፍ ሞተር በተገጠመለት ረጅም ተሽከርካሪ በአሜሪካ ዩታ፣ በቦነቪል የጨው ሜዳ ላይ በሰዓት ከ340 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳ። ዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ማኅበር ክብረ ወሰኑን አላጸደቀለትም። ፋብሪካው ግን የሜዳውን ስም ወስዶ በ1959 ላወጣው አዲስ ሞተር ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ሰው ትራያምፍ ማለት ቦነቪል፣ ቦነቪል ማለትም ትራያምፍ ሆነ።

በዚያው ስም ውስጥ መራራ ነገርም አለ። እነዚያ ሞተሮች ዘይት ያንጠባጥቡ ነበር። ሲፈጥኑ ይንቀጠቀጣሉ፤ ለመነሳት በእግር መርገጥ ይፈልጋሉ። በ1969 የጃፓኑ ሆንዳ አራት ሲሊንደር ያለው፣ በኤሌክትሪክ የሚነሳ፣ ከፊት ዲስክ ፍሬን የተገጠመለት፣ ዘይት የማያፈስስ ባለ 750 ሲሲ ሞተር ይዞ መጣ። ሜሪደን ያን ጊዜ የሚሸጠው ከ30 ዓመት በፊት የተነደፈውን ሞተር እያሻሻለ ነበር። ውድቀቱን የጃፓኖች ጥፋት አድርገው የሚተርኩ አሉ። እኔ ግን ጥፋቱ የዝና ይመስለኛል። የተመሰገነ ሰው ምስጋናውን እየሰማ ሥራውን ይረሳል፤ የተመሰገነ ፋብሪካም እንዲሁ። ስሙ ገና ሲሸጥ የነበረው በትናንት ሥራ ነው፤ የዛሬው ሥራ ግን ለነገ የሚተርፍ ምንም አላስቀመጠም።

የሜሪደን ሠራተኞችን ደግሞ መርሳት አይገባም። በ1973 አስተዳደሩ ፋብሪካው እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ በሩን ይዘው ተቀመጡ፤ የተሠራ ሞተርም አናስወጣም አሉ። ክረምትና በጋ በበሩ ላይ እየተፈራረቁ ጠብቀው በ1975 በመንግሥት ብድር ፋብሪካውን በኅብረት ሥራ ማኅበርነት ተረከቡ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም በሳምንት 50 ፓውንድ፣ እኩል ደመወዝ ተቀበሉ። ገንዘብ አልነበራቸውም፤ አዲስ ሞተር ለመንደፍ ጊዜም አልነበራቸውም። ቢሆንም ቦነቪልን ስምንት ዓመት ያህል በሕይወት አቆዩት። ብሉር በ1983 የገዛው ስም የነበረው እነሱ በሩን ስለጠበቁ ነው። በዚያ ቦታ ዛሬ መኖሪያ ቤቶች አሉ፤ ከመንገዶቹም አንዱ ቦነቪል ይባላል። ይህን ሳስብ ደስታዬ ሙሉ አይሆንም። የስም ትንሣኤ የሰዎቹ ትንሣኤ አይደለምና። አዲሱ ፋብሪካ ሲከፈት ከእነዚያ በር ጠባቂዎች አብዛኞቹ ሌላ እንጀራ ፈልገው ሄደው ነበር።

አሁን ወደ ገዢው ልመለስ። ብሉር ስሙን በያዘ ማግሥት ሁለት ነገር አደረገ፤ ሁለቱም ከነጋዴ የሚጠበቁ አይደሉም። አንደኛ፣ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዴቮን፣ የመለዋወጫ ዕቃ ለሚያመርተው ለሌስ ሃሪስ ፈቃድ ሰጠው። ሃሪስ ከ1985 እስከ 1988 ድረስ ያንኑ የድሮውን ቦነቪል በትንሽ በትንሹ ሠራ። የሊጥ እርሾ የሚያቆይ ሰው ዕቃው ሥር ጥቂት ያስቀራል፤ ጥቂት ቢሆንም ለሚቀጥለው ሊጥ ይበቃል። የሃሪስ ሥራ እንዲያ ያለ ነበር። ሁለተኛው ነገር ዝምታው ነው። ብሉር መግለጫ አልሰጠም፤ ተስፋ አላስነገረም፤ የሞተር ሥዕል በጋዜጣ አላወጣም። ከሜሪደን የተረፉ ጥቂት መሐንዲሶችን ይዞ ወደ ጃፓን ሄዶ የትራያምፍን ገበያ የወሰዱት ሰዎች እንዴት እንደሚሠሩ በዓይኑ አየ። ከዚያም በሌስተርሻየር፣ በሂንክሊ ከተማ፣ አዲስ ፋብሪካ ሠራ። ሰው ሁሉ ትራያምፍ ተረት ሆኗል ብሎ በተቀመጠበት ሰባት ዓመት፣ ውስጥ ውስጡን ሥራ ይሠራ ነበር።

በመስከረም 1990 በጀርመን ኮሎኝ በተከፈተው የሞተር ሳይክል ትርዒት ላይ ስድስት አዳዲስ ሞተሮች ቀረቡ። ሦስትና አራት ሲሊንደር ያላቸው፣ በውኃ የሚቀዘቅዙ፣ በአንድ ዓይነት ሻንሲ ላይ የተሠሩ ነበሩ። አሠራሩ ቁጠባና ማስተዋል የተሞላበት ነው፤ አንዱ ፒስተን ለብዙዎቹ እንዲያገለግል፣ የአንዱ ክፍል ለሌላው እንዲገጥም ተደርጎ ስለተነደፈ፣ ትንሽ ፋብሪካ ብዙ ዓይነት ሞተር ማውጣት ቻለ። ስማቸው ትራይደንት፣ ትሮፊና ዴይቶና ነበር፤ ሁሉም ከድሮው መዝገብ የተወሰዱ። ከመካከላቸው ግን ቦነቪል የሚባል አልነበረም።

የዚህ ታሪክ ልብ ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ያን ጊዜ ከስሞች ሁሉ ፈጥኖ የሚሸጠው ቦነቪል ነበር። አዲሱን ሞተር ቦነቪል ብሎ የሚጠራ ገዢ፣ ገና በር ሳይከፍት ደንበኛ ይሰለፍለት ነበር። ብሉር ግን ያንን ስም ሳይነካው አሥር ዓመት አቆየው። ሰዎች አዲሱን ትራያምፍ መጀመሪያ በሥራው እንዲያውቁት ፈለገ፤ ዘይት እንደማያፈስስ፣ ረጅም መንገድ እንደማይፈራ፣ ጠዋት ጠዋት እንደሚነሳ። ከድሮው ፋብሪካ የወረሰው ዝና ብቻ አልነበረም፤ ነቀፋውም ከዝናው ጋር መጥቷል። ነቀፋው ሳይከፈል ዝናውን መብላት ዕዳን በዕዳ ላይ መከመር ነው። ቦነቪል የተመለሰው በ2000 ተዋውቆ በ2001 ለገበያ ሲቀርብ ነው፤ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ አያቱን የመሰለ። ያን ጊዜ ደንበኛው የሚገዛው ትዝታውን ብቻ አልነበረም፤ አሥር ዓመት የተፈተነ ሥራም ከትዝታው በታች ቆሟል።

ከዚህ ጋር የሚያስቸግረኝ ነገርም አለ። በዘመናዊው ቦነቪል ላይ ካርቡራተር የሚመስል ነገር ይታያል፤ ውስጡ ግን ነዳጅ የሚረጨው በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ መሣሪያ ነው። ከ2016 ወዲህ ያሉት ቦነቪሎች በውኃ ይቀዘቅዛሉ፤ ቢሆንም በሲሊንደሮቹ ዙሪያ፣ ነፋስ ብቻ ያቀዘቅዛቸው ከነበረበት ዘመን የተወረሱት ስስ የብረት ክንፎች አሁንም አሉ። ራዲያተሩም ከፊት በኩል ቀጠን ብሎ፣ እንዳይታይ በሻንሲው ቧንቧዎች መካከል ተሸሽጓል። ይህ ማታለል ነው ወይስ አክብሮት? ማታለል ነው የሚሉ አሉ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። የማያገለግል ነገር ለዓይን ብቻ መሥራት ከተርነር መንፈስ ይርቃል፤ ተርነር የዘመኑን አዲስ ነገር ነው የሠራው፤ አያቱን አልኮረጀም።

እኔ ግን መልሱ በገዢው ዕውቀት ላይ ያለ ይመስለኛል። ቦነቪል የሚገዛ ሰው ውስጡ አዲስ መሆኑን ያውቃል፤ ፋብሪካውም አልደበቀውም፤ አዲስነቱን ራሱ ያስተዋውቃል። መልኩ እንግዲህ ሐሰት አይናገርም፤ ከየት እንደመጣ ይናገራል። ሐሰት የሚሆነው በተቃራኒው ሲሆን ነው፤ መልኩ አዲስ፣ ስሙ የተከበረ፣ ውስጡ ግን ያልተፈተነ ሲሆን። እንዲህ ያለውን ደግሞ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ታሪክ በሌላ ታላቅ ስም ላይ አሳይቶናል።

ኖርተን በ1898 በበርሚንግሃም የተመሠረተ፣ በማን ደሴት ውድድር ከ1907 ጀምሮ ያሸነፈ ስም ነው። እሱም ከአንድ ጊዜ በላይ ሞቶ ከአንድ ጊዜ በላይ ተነሥቷል። በ2008 የተረከበው ባለቤት ብዙ ተስፋ ሰጠ፤ ውብ ሞተሮችም አሳየ፤ ደንበኞች ቅድሚያ ክፍያ ከፍለው ዓመታት ጠበቁ። በጥር 2020 ድርጅቱ ወደቀ። ከዚያ የተሰማው ከውድቀቱ የከፋ ነበር። ከ200 በላይ ሰዎች ለእርጅናቸው ያስቀመጡት የጡረታ ገንዘብ ሕግ ከሚፈቅደው ውጭ በዚያው ድርጅት ላይ ውሎ ነበር፤ ባለቤቱም በ2022 በፍርድ ቤት ጥፋተኛነቱን አመነ። እነዚያ ጡረተኞች ስለ ፒስተንና ስለ ቫልቭ የሚያውቁ ላይሆኑ ይችላሉ። ገንዘባቸው ግን የአንድ የተከበረ ስም ማቆያ ሆነ፤ ስሙም በምላሹ ምንም አልሰጣቸውም። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚለው አባባላችን እንዲህ ላለው ነገር የተባለ ይመስላል። አደራን የሚበላ ሰው የሚበላው በእጁ የተሰጠውን ብቻ አይደለም፤ ሰጪዎቹ ወደፊት ሌላውን የሚያምኑበትን ልብም ይበላል።

በሚያዝያ 2020 ኖርተንን የሕንዱ ቲቪኤስ በ16 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። አዲሱ ባለቤት ሶሊሀል ከተማ ላይ ፋብሪካ ሠራ። ያደረገው ሌላ ነገር ግን የበለጠ ይነካኛል። በቀድሞው ባለቤት ዘመን የተሸጡትን ቪ4 የተባሉ ሞተር ሳይክሎች መርምሮ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ጉድለት እንዳለባቸው አየና ባለቤቶቻቸው እንዳይነዷቸው አስታወቀ። እሱ ያልሠራውን ጥፋት በገዛው ስም ላይ ስለተጻፈ ብቻ የራሱ አድርጎ ወሰደው። ስምን መውረስ ማለት ይህ ነው። ዝናው የእኔ፣ ጉድለቱ የሌላ ማለት አይቻልም።

ሕንድን ካነሳን ትራያምፍም ወደዚያው ሄዷል። ከባጃጅ ጋር በ2020 ስምምነት ተፈራርሞ ከ2023 ጀምሮ 400 ሲሲ ያላቸው ትራያምፎች በፑኔ አካባቢ ይሠራሉ። ይህ ባጃጅ በእኛ ከተሞች ጎዳና ባለ ሦስት እግሯን ታክሲ በስሙ የምንጠራበት ያው ድርጅት ነው። ከዚያ ቀደም ሲል ብዙው የትራያምፍ ምርት ወደ ታይላንድ ተሻግሯል። ታዲያ ይህ አሁንም የእንግሊዝ ሞተር ነው ወይ ብለው የሚያዝኑ አሉ። ኀዘናቸውን አልንቀውም፤ የሂንክሊ ሠራተኛ እንጀራ ጉዳይ አለበት። ስለ ስሙ ንጽሕና ከሆነ ግን ወደ መጀመሪያው ገጽ መመለስ ነው። ስሙን ያወጣው ከኑረምበርግ የመጣ ስደተኛ ነበር፤ የመጀመሪያው ሞተር ከቤልጅግ መጣ፤ ያሳደገችው ኮቨንትሪ ናት፤ ያከበረችው አሜሪካ ናት። ከሞት ያስነሣው ከጃፓን የተማረ ልስን ሠሪ ነው። በዚህ ስም ውስጥ ብቻውን የሠራ አገር አልነበረም። የትራያምፍነት መለኪያው የእጁ አገር ሳይሆን የእጁ ጥንቃቄ ነው፤ ፑኔ ላይ የተሠራችው ሞተርም ብትሆን የምትመዘነው በዚያው ሚዛን ነው።

በመጋቢት 2002 የሂንክሊ ፋብሪካ ትልቁ ክፍል በእሳት ጋየ። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ሥራው እንደገና ተጀመረ። ይህን የምጠቅሰው ስለ ፍጥነቱ አይደለም። በ1940 ከቦምብ በኋላ የሆነውና በ2002 ከእሳት በኋላ የሆነው አንድ ነገር ስለሚናገር ነው፦ ሕንፃው ሲጠፋ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ካሉ ስሙ አይወድቅም። በ1983 ግን ሕንፃው ቆሞ ሳለ ነው ስሙ የወደቀው። የሚገድለው እሳት አይደለም፤ ሥራው ከስሙ ሲያንስ ነው።

«ስም ከመቃብር በላይ» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ሲሉ ስም በራሱ ይቆማል ማለታቸው አይመስለኝም። ከመቃብር በላይ የሚቆየው ሕያዋን ሲይዙት ነው፤ ልጅ በሥራው ሲያስጠራው፣ ጎረቤት በመልካም ሲያነሣው። ዛሬ የከሰሩ ፋብሪካዎች ስም በየገበያው ይሸጣል፤ የሰዓት፣ የመኪና፣ የካሜራ፣ የሬዲዮ። ብዙዎቹ ገዢዎች ስሙን ባገኙት ዕቃ ላይ ለጥፈው፣ የቀረውን ፍቅር እስኪያልቅ ይሸጡታል፤ ፍቅሩ ሲያልቅም ስሙን ለሌላ ያሳልፉታል። ይህን የሚከለክል ሕግ የለም።

ብሉር ለስሙ የከፈለው ትልቁ ዋጋ በ1983 ለሻጩ የሰጠው ገንዘብ አይመስለኝም። ሰባት ዓመት ዝም ብሎ መሥራቱና ቦነቪልን አሥር ዓመት ሳያወጣው መታገሡ ነው። ያንን ክፍያ ማንም አልጠየቀውም፤ ደረሰኝ የሚሰጠውም አልነበረም። አሮጌ ስም የሚገዛ ሁሉ ከሻጩ ጋር በአንድ ቀን ይጨርሳል፤ ስሙን ከወደዱት ጋር ያለው ሒሳብ ግን የሚከፈለው በእያንዳንዱ በሚሠራው ዕቃ ነው፤ የሚያልቅበትም ቀን የለም።